«በቃኝ» የሚል ልጅ ምን እያለን ነው?

ምክር እየተቀበሉ ሞትን ስለሚያስቡ አፍላ ወጣቶች

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1935 እንግሊዝ አገር፣ ሊንከን በምትባል ከተማ ነው። ቻድ ቫራ የሚባል ገና ክህነት የተቀበለ ወጣት ቄስ የመጀመሪያውን የቀብር ጸሎት እንዲያደርስ ተላከ። ሟች የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ሕይወቷን ያጠፋችው ራሷ ናት። ለምን? የወር አበባ መጣባት። ስለ ወር አበባ የነገራት ሰው ስላልነበረ ደሙን ስታይ የአባላዘር በሽታ የያዛት መሰላት። ደፍራ የምትጠይቀው አንድ ሰው አልነበራትም። ጉዱን ለብቻዋ ተሸከመችው፤ መጨረሻውም ይኸው ሆነ።

ቄሱ ይህችን ልጅ አልረሳትም። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ ለንደን ውስጥ በሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ «ሕይወት የመረረው ይደውልልኝ» ሲል አስነገረ። ሰው መጣ። ተራ የሚጠብቁትን ሻይ እያቀረቡ የሚያጫውቱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት። ጥቂት እንደቆየ አንድ ነገር ልብ አለ፤ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ሻይ እየጠጡ ያወጉት ብዙዎቹ እሱ ዘንድ ሳይገቡ ቀለል ብሏቸው ይመለሳሉ። ዛሬ በብሪታንያ «ሳማሪታንስ» የሚባለው ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው።

መቼም ይህን ያነበበ ሁሉ «እንግዲያው መድኃኒቱ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት ነዋ!» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ብቅ ይላል። የሚያዳምጣት ሰው አግኝታ፣ አማካሪ ዘንድ እየተመላለሰች፣ እንዲያም ሆኖ ሞትን የምታስብ ልጅስ? የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

እናት ስትጠራ

እንበልና አንዲት የ16 ዓመት ልጅ አለች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ምግብ አስጠልቷታል፣ ትምህርቷ ወርዷል፣ ክፍሏን ዘግታ ትውላለች። «ደብሮኛል» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም። እናት መጀመሪያ «ፎንቃ ይዟት ይሆናል» ብላ ዝም አለች። ቆይቶ «ዓይነ ጥላ ነው» ተባለ። በመጨረሻ በሰው ምክር አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ወሰደቻት። ከአስቤዛ ቀንሳ ትከፍላለች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ባለሙያዋ ለልጅቷ ነግራ እናትን አስጠራች። «ልጅዎ ሞትን እንደምታስብ ነግራኛለች። አብረን እንድንጠብቃት ነው የጠራሁዎት» አለች።

እናት ምን የምትል ይመስላችኋል? «ልጄ እንዲህ አልነበረችም! እዚህ ከመጣች ነው የባሰባት! ተነሺ፣ እንሂድ!»

ይህ ምሳሌ ነው። ግን ስንት ቤት ውስጥ ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ያውቀዋል። እናት ክፋት የላትም፤ ደንግጣ ነው። ሆኖም ልጇን ይዛ ከወጣች ያቺ ልጅ ያገኘቻትን አንዲት መተንፈሻ ቀዳዳ ደፈነችባት ማለት ነው። ልጅቷም «አየሽ? መናገር ጣጣ ነው» የሚል ትምህርት ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ የእናትን ጥያቄ ሳንንቅ እንመልሰው።

ላብራቶሪው ታይፎይድ አያመጣም

አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ቢሄድና ምርመራው ታይፎይድ ነው ቢለው፣ «ታይፎይድ ያስያዘኝ ላብራቶሪው ነው» ይላል? አይልም። የአማካሪ ክፍልም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ሐሳቡ እዚያ አልተወለደም፤ እዚያ ተነገረ እንጂ። ልጁ ለወራት ትራሱ ሥር ደብቆት የኖረውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በቃል አወጣው።

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆናቸውን 6,483 ልጆች መረጃ መርምሮ ነበር። በሕይወታቸው ራስን ስለማጥፋት አስበው የሚያውቁት 12 ከመቶ ያህል ሆነው ተገኙ። ከመቶ ልጆች 12 ማለት በአንድ 50 ተማሪ ባለበት ክፍል ስድስት ማለት ነው። ሌላም ነገር ተገኘ። ይህ ነገር ከደረሰባቸው ልጆች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ችግሩ ከመጀመሩ በፊት የአእምሮ ጤና እርዳታ ማግኘት የጀመሩ ነበሩ።

«ይኸው! አላልኩም?» እንዳትሉ። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ የሚበዛው ሆስፒታል ስለሚያሳምም አይደለም። ወደ ምክር የሚላከው ልጅ አስቀድሞ የተጎዳው ነው፤ ድብርት የያዘው፣ ጭንቀት የሚያርደው፣ ቤት ውስጥ የሚደበደብ፣ ትምህርት ቤት የሚንቋሸሽ። ነገር ግን ጥናቱ አንድ ሐቅ ያስተምረናል። ምክር እንደ ክትባት አንዴ ተወስዶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። «አማካሪ ይዘንለታል» ብሎ እጅን ማጣጠፍ አይቻልም።

«መጠየቁ ራሱ ሐሳቡን ይተክላል» የሚለውም ፍርሃት ተፈትኗል። በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኙ ስድስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 2,342 ተማሪዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ስለ ራስን ማጥፋት በግልጽ ተጠየቀ፤ ሌላው ሳይጠየቅ ቀረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ፣ የተጠየቁት ካልተጠየቁት የበለጠ አልተጨነቁም፣ ሐሳቡም አልባሰባቸውም። እንዲያውም ቀድሞ ድብርት የነበረባቸውና ሞክረው የሚያውቁት ሲጠየቁ ጭንቀታቸው ቀለል ብሎ ታየ። መጠየቅ አይገድልም!

ሞት ነው ወይስ ዕረፍት?

ኤድዊን ሽናይድማን የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ራስን ማጥፋትን የሚከላከል ማዕከል አቋቁመው ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህንኑ ሲያጠኑ ኖሩ። በ1993 የደረሱበትን በአንድ ቃል ጠቀለሉት፤ «ሳይክኤክ» አሉት። እኛ «የነፍስ ቁርጥማት» ብንለው ያስኬዳል። ጥርስ ሲያም ሰው ሌላ ነገር ማሰብ አይችልም፤ ያ ሕመም እንዲቆም ብቻ ይፈልጋል። ነፍስም ስትቆረጥም እንዲሁ ነው። ልጁ የሚፈልገው ሞትን አይደለም፤ የሕመሙን መቆም ነው። ሌላ መንገድ ስላልታየው ሁለቱ አንድ መሰሉት።

ስለዚህ «መሞት እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ ደረት ውስጥ ሁለት ድምፅ አለ። አንዱ «በቃኝ» ይላል፤ ሌላው «አድኑኝ» ይላል። አማካሪው ዘንድ ሄዶ የተናገረው ሁለተኛው ድምፅ ነው። ሊሞት ብቻ የቆረጠ ቢሆን ለምን ይነግረናል?

ሦስቱ ወጥመዶች

የነፍስ ቁርጥማት ሁሉ ግን ወደ ሞት ሐሳብ አይወስድም። ታዲያ መንገዱን የሚያጠምደው ምንድን ነው? ባለሙያዎች በተለይ ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳሉ።

አንደኛው «መውጫ የለኝም» ነው። በስኮትላንድ ግላስጎ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ሮሪ ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት ማብራሪያ መነሻው መሸነፍና መዋረድ ነው ይላሉ። ሽንፈቱ ብቻውን ግን አይበቃም። አደጋው የሚመጣው የተሸነፈው ሰው መውጫ በሩ ሁሉ የተዘጋ ሲመስለው ነው። የእኛን አገር ፈተና አስቡት። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ተማሪ ወደቀ ማለት ይህን ያህል ተማሪ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም! ግን «ዩኒቨርሲቲ ካልገባህ ሰው አይደለህም» ሲባል ላደገ ልጅ፣ የፈተናው ውጤት የአንድ ቀን ወረቀት መሆኑ ይቀርና የዕድሜ ልክ ፍርድ ይሆንበታል። ልብ በሉ፤ ፈተና መውደቅ ወይም በፍቅር መከዳት ብቻውን ሰውን እዚህ አያደርስም። ከበስተጀርባው ሌላ ሌላ የተጠራቀመ ነገር አለ። የመጨረሻዋን ጠብታ አይቶ «በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ስህተት ነው።

ሁለተኛው «ሸክም ሆንኩባቸው» ነው። ቶማስ ጆይነር የተባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር፣ አባታቸውን በዚሁ መንገድ ያጡ ሰው ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት መጽሐፍ በዚህ ላይ በብርቱ ይጽፋሉ። ልጁ «እኔ ባልኖር ይሻላቸው ነበር» ብሎ ያምናል። በእኛ ቤት ደግሞ ይህ ሐሳብ የሚበቅልበት መሬት ሞልቷል። እህት አረብ አገር ሆና የሰው ቤት እየጠረገች የትምህርት ቤቱን ትከፍላለች። እናት ሳትበላ ታበላለች። «ለአንተ ብዬ ነው የተንገላታሁት» የምትለዋ ቃል በፍቅር የተባለች ናት። ድብርት የያዘው ልጅ ጆሮ ግን «የተንገላታሁት በአንተ ምክንያት ነው» ብሎ ይተረጉማታል። አሁን ደግሞ የምክሩ ክፍያ ተጨመረ። «ይኸው ለእኔ ሌላ ወጪ!» አያችሁ? የሚረዳው ነገር ራሱ በሕመሙ መነፅር ሲታይ ሸክም ሆነ።

ሦስተኛው «ብቻዬን ነኝ» ነው። ሰባት ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ ብቻ መሆን ይቻላል። ክፍል ውስጥ ሁሉም ሲስቅ ብቻ መሆን ይቻላል። ስልኩ ላይ ሁለት ሺህ ተከታይ ያለው ልጅ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚደውልለት አንድ ሰው ላይኖረው ይችላል። ብቸኝነት የሰው ቁጥር ጉዳይ አይደለም፤ «ያለሁበትን የሚያውቅልኝ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው።

ምክሩ ሲቆጠቁጥ

አሁን የእናትን ጥያቄ ሌላውን ጎን እንየው። ምክሩ ራሱ ለጊዜው ሊያሳምም አይችልም? ይችላል። መደበቅ አያስፈልግም።

ያመረቀዘ ቁስል ሲጠረግ ያቃጥላል። ስለ አባቱ ሞት ወይም ስለ ደረሰባት መደፈር ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገሩ ልጆች ያን ቀን ማታ ሊከብዳቸው ይችላል። ጥሩ አማካሪ ይህን ያውቃል። ቁስሉን ከፍቶ «ሰዓታችን አለቀ፣ ቻው» አይልም። ልጁ ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት ያረጋጋዋል፤ «ማታ ቢከብድህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ሌላው የተስፋ ነገር ነው። ልጁ «እዚህ ከሄድኩ ይለቀኛል» ብሎ ይመጣል። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ያልፋል፤ ጠዋት ሲነሳ ያው ጨለማ ነው። «ይሄም አልሠራም፤ እኔ የማልድን ነኝ» ይላል። እዚህ ላይ መነገር ያለበት፣ ምክር ጊዜ ይፈልጋል፤ ከአንዱ ባለሙያ ጋር አለመግባባትም ያለ ነው። ጫማ አንዱ ቢጠብብህ ባዶ እግርህን አትሄድም፤ ሌላ ትለካለህ።

ደግሞ በግድ የመጣ ልጅ አለ። «ሂድና ይምከሩህ፣ ልብ ግዛ» ተብሎ የተላከ። ለእሱ የአማካሪው ክፍል የርእሰ መምህሩ ቢሮ ነው። ቅጣት እንጂ እርዳታ አይመስለውም።

ከሁሉ የሚብሰው የምስጢር ፍርሃት ነው። «የነገርኳትን ለእማዬ ብትነግርብኝስ?» የሚል ልጅ አማካሪው ፊት ቁጭ ብሎ ስለ ትምህርት ያወራል፤ ዋናውን ነገር ይዞት ይመለሳል። ስለዚህ አማካሪ በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን መናገር አለበት። «የምትነግሪኝ እዚህ ይቀራል። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ወይም ሰው እየጎዳሽ ከሆነ ግን ዝም አልልም፤ ያኔም አስቀድሜ ለአንቺ ነግሬሽ ነው» ማለት። አንባቢዎቼ፣ አማካሪያችሁ ይህን ካልነገራችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነገር አይታለፍም። ቤቱ ውስጥ በየቀኑ የሚደበደብ ወይም የሚደፈር ልጅ ምክር ብቻውን አይበቃውም። እሳት ውስጥ የቆመን ሰው «ረጋ በል፣ በጥልቀት ተንፍስ» አይሉትም። መጀመሪያ ከእሳቱ ማውጣት ነው።

ክኒኑስ?

ሐኪም ለድብርት መድኃኒት ያዘዘላቸው ልጆች አሉ። እዚህ ላይ ወላጅም ወጣትም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በልጆችና በአፍላ ወጣቶች ላይ የተደረጉ 24 ሙከራዎችን መረመረ። ከ4,400 በላይ ልጆች የተሳተፉባቸው ናቸው። መድኃኒቱን ከወሰዱት 4 ከመቶ፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 2 ከመቶ የሚሆኑት ላይ የራስን ማጥፋት ሐሳብ ወይም ድርጊት ታየ። በነዚያ ሙከራዎች ሕይወቱን ያጣ አንድም ልጅ አልነበረም። ባለሥልጣኑ በመድኃኒቶቹ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ፤ በ2007 ማስጠንቀቂያው እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ተስፋፋ።

ይህ «መድኃኒቱን ጣሉት» ማለት ነው? አይደለም! መድኃኒቱ ብዙዎችን ይረዳል። ትርጉሙ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ ሲቀየር ልጁን በቅርብ ተከታተሉት ነው። እንቅልፍ ከከለከለው፣ ከተቁነጠነጠ፣ ያልነበረበት ቁጣ ከመጣበት በዚያው ቀን ለሐኪሙ ንገሩ። ክኒኑን በራስ ሥልጣን ድንገት ማቆምም አደጋ አለው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ መድኃኒቱን ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አያቋርጥ።

ነዳጅ ሙሉ፣ ፍሬን ላላ

በአፍላነት ዕድሜ ስሜት ጎማ እስኪያጮህ ይነዳል። ስሜትን የሚገታውና የነገን የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ግን በስሎ የሚያልቀው ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። ነዳጁ ሙሉ፣ ፍሬኑ ላላ ያለ መኪና ማለት ነው። ለዚህ ነው የ16 ዓመት ልጅ «ዛሬ እንዲህ ነኝ» ከማለት ይልቅ «ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ» የሚለው።

በዚህ ላይ እንቅልፍ ማጣት ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ሌሊቱን በስልክ ወይም በጥናት ያነጋ ልጅ ጨለማው ሁሉ በእጥፍ ይጠቁርበታል። ከዚህ የሚገኝ አንድ የምሥራች ግን አለ። በጣም የከፋው ሰዓት እንደ ማዕበል ነው፤ ይመጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ያንን ሰዓት መሻገር ትልቁ ሥራ ነው።

ጥሩ አማካሪ ምን ያደርጋል?

አይጮህም፣ አይሰብክም። «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። ከዚያ ከልጁ ጋር አንዲት ወረቀት ይጽፋሉ። ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ያዘጋጇት ናት፤ የደኅንነት ዕቅድ ትባላለች። በስድስት ደረጃ ትጻፋለች።

አንድ፣ የክፉው ሰዓት ምልክቶቼ ምንድን ናቸው? (ለምሳሌ ክፍል ቆልፎ መቀመጥ።)

ሁለት፣ ለብቻዬ ሆኜ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ምንድን ነው? ሙዚቃ፣ ጸሎት፣ መንገድ መሄድ፣ ኳስ።

ሦስት፣ ስለ ችግሬ ባላወራ እንኳ ከማን ጋር ወይም የት ብሄድ ይቀለኛል?

አራት፣ ችግሬን የምነግረው ማን ነው? ስም ከነስልክ ቁጥሩ።

አምስት፣ የባለሙያና የድንገተኛ ስልክ።

ስድስት፣ ቤቱን ደኅና ማድረግ። ሰው ሊጎዳበት የሚችል ነገር ሁሉ ከልጁ እጅ ይራቅ፤ ታላቅ ሰው ቆልፎ ይያዘው። ማዕበሉ ሲመጣ አደገኛው ነገር ቅርብ ካልሆነ ብዙ ሰው ይሻገረዋል።

ወረቀት ምን ያደርጋል እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ይህችን ዕቅድ ጽፈው ከዚያም በስልክ ክትትል የተደረገላቸው ታካሚዎች በስድስት ወር ውስጥ ራስን የመጉዳት ድርጊት ከሌሎቹ በ45 ከመቶ ቀንሶ ታይቶባቸዋል።

ጓደኛህ ቢነግርህ

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ወላጅ አይደለም፤ ጓደኛ ነው። «እስቲ ሙድ አትያዝ»፣ «አቦ አትቅበጥ»፣ «ሰው ምን ይላል?»፣ «እግዜርን አትፈራም?» አትበለው። እነዚህ አፍ ያዘጋሉ እንጂ ልብ አይከፍቱም። እንዲህ በለው፦ «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ። አልሄድም፣ እዚሁ ነኝ። አብረን ሰው እንፈልግ።»

«ለማንም አልናገርም ብለህ ማልልኝ» ቢልህ አትማል። «ይህንን ለብቻዬ መያዝ አልችልም፤ ስለምወድህ ነው» በለው። ለሚታመን ታላቅ ሰው፣ ለእናት፣ ለአጎት፣ ለአስተማሪ፣ ለንስሐ አባት ወይም ለሸህ ንገር። አደጋው ዛሬ ከሆነ ለብቻው አትተወው። ኋላ ቢቆጣህ ይቆጣህ፤ የተቆጣ ጓደኛ በሕይወት ያለ ጓደኛ ነው።

ወላጆችም፣ አማካሪው ሲጠራችሁ ከሁሉ በፊት ልጁን እቅፍ አድርጉት። ጥያቄውና ወቀሳው ይቆየን። «ልጄ፣ ለእኔ ሸክም አይደለህም» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለተኛውን ወጥመድ ትበጥሳለች።

ፖስታና አግዳሚ ወንበር

ጀሮም ሞቶ የሚባሉ የሳንፍራንሲስኮ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። ከሆስፒታል ወጥተው ክትትሉን እምቢ ያሉ 843 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ አጭር አጭር ደብዳቤ ለአምስት ዓመት ላኩ። ይዘቱ ቀላል ነው፤ እንዴት ነህ፣ አስበንሃል፣ መጻፍ ከፈለግህ ደስ ይለናል። ሌላ ምንም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ውጤት ደብዳቤ ከደረሳቸው ወገኖች መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ያነሱ ነበሩ፤ ልዩነቱ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጎልቶ ታይቷል።

ወደ አፍሪካችን ስንመጣ ደግሞ ዚምባብዌያዊው ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ 14 አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሥራቸው ማዳመጥና ችግርን አብሮ መፍታት ነው። በ2016 የታተመው የ573 ሰዎች ሙከራ፣ አሮጊቶቹ ያነጋገሯቸው ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ የተሻሉ መሆናቸውን አሳየ። እኛስ ቡና የሚያጣጡ እናቶች አጥተናል? የጠፋው ጥያቄው ነው።

ለአንተ፣ ለአንቺ

ይህን ገጽ ስለራሳችሁ የምታነቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ ያጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ15 እስከ 29 ዓመት ላሉት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነበር። ነገር ግን ከዚህ እጅግ የሚበዙ ሰዎች ደግሞ አስበውት ያለፉ፣ ዛሬ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ከነዚህ አንዷን ልንገራችሁ። ማርሻ ሊነሃን በ1961 የ17 ዓመት ልጅ ሳለች አሜሪካ ውስጥ የአእምሮ ሆስፒታል የገባች፣ ራሷን የምትጎዳ፣ ሐኪሞች ግራ የተጋቡባት ልጅ ነበረች። ወጥታ ተማረች፣ ፕሮፌሰር ሆነች። ሞትን አጥብቀው ለሚያስቡ ሰዎች ራሷ አዲስ የምክር ሕክምና ፈጠረች፤ በ1991 ፍቱንነቱን በጥናት አሳየች። በ2018 ደግሞ ከ12 እስከ 18 ዓመት ባሉ 173 ልጆች ላይ ተሞክሮ ራስን የመጉዳት ሙከራን ቀንሷል። የራሷን ታሪክ በአደባባይ የተናገረችው በ2011፣ በልጅነቷ ታክማበት በነበረው በዚያው ሆስፒታል ቆማ ነው።

ስለዚህ ሐሳቡ ከመጣባችሁ አማካሪያችሁ ላይ አትደብቁ። «አሳፍራታለሁ፣ ይኸው አልተሻለኝም» አትበሉ። ለእሷ ይህ ወሬ ውድቀት አይደለም፤ ሥራዋ ነው። አማካሪ ከሌላችሁ አንድ ሰው ምረጡና «ሞትን እያሰብኩ ነው፣ እርዳኝ» በሉት። አልሰማ ካለ ሁለተኛ ሰው፣ ሦስተኛ ሰው። «አማኑኤል ገባ» ይሉኛል ብላችሁ አትፍሩ። ሰፈር የሚለው ሁለት ቀን ነው፤ ሕይወት ግን ረጅም ናት። በአዲስ አበባ ከአማኑኤል ሌላ እንደ ዘውዲቱና ጳውሎስ ያሉ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። በክፍለ ሀገር ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። አደጋው አሁን ከሆነ ወደ ማንኛውም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ ያላችሁ 988፣ እስራኤል ያላችሁ 1201፣ እንግሊዝ ያላችሁ 116 123 ደውሉ።

ዛሬ ማታ ደግሞ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከጓደኞቻችሁ መካከል ሰሞኑን ዝም ያለውን አስቡትና ደውሉለት። «እንዴት ነህ?» በሉት። «ደህና ነኝ» ሲላችሁ ስልኩን አትዝጉ። «የምር እንዴት ነህ?» ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁት።